ሥራ ላይ የማይበገር ሰው ማታ ለምግብ የሚሸነፈው ለምንድን ነው?

የማታ ሰው፦

ሰላም ለሁላችሁ።

ሥራዬ ቡድን መምራት ነው። የተሰጠኝን የጊዜ ገደብ አሳልፌ አላውቅም። ሲጋራ ልተው አልኩ፣ ተውኩ። ከሠላሳ ዓመቴ በኋላ አዲስ ቋንቋ ልማር አልኩ፣ ተማርኩ። ቀን ቀን ምግብ ትዝም አይለኝ። ቁርሴ ቡና ነው። ምሳ ካስታወስኩ እበላለሁ፣ ካላስታወስኩ ይቀራል።

ማታ ላፕቶፑን ስዘጋ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እራት በልቼ፣ ጠግቤ፣ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ብስኩት እበላለሁ። አንድ ሁለት እንዳይመስላችሁ፣ ፓኬቱን ሙሉ ነው። ከሦስተኛው በኋላ ጣዕሙ አይታወቀኝም፤ እጄ ግን አያርፍም። ሲያልቅ ማሸጊያውን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከሌላ ወረቀት ሥር እከተዋለሁ። የምኖረው ብቻዬን ነው። ከማን እንደምደብቀው እንጃ።

ጓደኞቼ ስለ ዲሲፕሊን ሲቸግራቸው የሚያማክሩት እኔን ነው። ይኼ ዲሲፕሊን ታዲያ ማታ የት ይሄዳል? ሌላውን ሁሉ ችሎ ይኼን ብቻ ያልቻለ ሰው እዚህ አለ ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?

ቀጥተኛው፦

አትግዛ፣ አትበላም። ቤት ውስጥ የሌለ ብስኩት አይበላም። ምኑ ነው የሚያወያየው?

ስንዱ፦

@ቀጥተኛው ወንድሜ፣ ቤቴ ባዶ ሆኖ ሌሊት ጃኬት ደርቤ የወጣሁ ሰው ነኝ። "አትግዛ" የሚለው ምክር የሚሠራው ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነው።

@የማታ ሰው ብቻህን አይደለህም። እኔ ጠበቃ ነኝ። ግራ የሚያጋባኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ክርክር የተሸነፍኩ ቀን ብበላ "ከፍቶኝ ነው" እላለሁ። ግን ያሸነፍኩ ቀንም እበላለሁ፤ እንዲያውም ይብሳል። ደንበኛዬ እየሳቀ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እኔ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቸኮሌት እጨርሳለሁ። ደስ ብሎኝ ነው? ኧረ አይደለም። ጭንቅላቴ ዝም እንዲልልኝ ነው።

አድማጭ፦

ሥራዬ የሥነ ልቦና ምክር ነው። ስንዱ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጋ ያለፈች ትመስላለች፤ ለኔ ግን የጥያቄው እምብርት እሷ ናት።

በፈረንጆቹ 1991 ቶድ ሄዘርተን እና ሮይ ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች ከልክ በላይ መብላትን ከዚህ አቅጣጫ አይተውት ነበር። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። ለራሱ ከፍ ያለ መለኪያ ያስቀመጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲመዝን ይውላል። ኢሜይል ይልካል፣ "ይሻል ነበር" ይላል። ስብሰባ ይወጣል፣ "ምነው ያቺን ነገር ባልተናገርኩ" ይላል። መለኪያው ከፍ ባለ ቁጥር የሚታየውም ጉድለት ይበዛል። እንዲህ ራስን ሲመዝኑ መዋል ያደክማል፣ ያማልም። መብላት ታዲያ ትኩረትን ሰብስቦ እጅና አፍ ላይ ያደርገዋል። ማኘክ፣ መዋጥ፣ ቀጣዩን ማንሳት። ለነዚያ ደቂቃዎች ነገ የለም፣ አለቃ የለም፣ "እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?" የሚል ጥያቄም የለም። ጣዕሙ ከጠፋ በኋላም እጅ የማያርፈው ለዚህ ይመስለኛል። መጀመሪያውኑ የተፈለገው ጣዕሙ አልነበረማ።

ስንዱ ያሸነፈችበት ቀን ለምን እንደሚብስም ከዚሁ ይገባኛል። ድል መለኪያውን ዝቅ አያደርገውም። "ቀጥሎስ?" ብሎ ከፍ ያደርገዋል።

አሁን ወደ @የማታ ሰው ጥያቄ ልምጣ። አንተን ሥራ ላይ ያሳካህ ምንድን ነው? ሲርብህ ችላ ማለት፣ ሲደክምህ መግፋት፣ ሲበላሽብህ ሕጉን ማጥበቅ። ሦስቱም ቢሮ ውስጥ ያስመሰግናሉ። ምግብ ላይ ግን ሦስቱም ጠላት ናቸው። ዲሲፕሊንህ ማታ የትም አልሄደም። ማታ የምታየው ቀን የሠራውን ሥራ ነው።

ቆጣሪው፦

እኔ ነገሩን ቀለል አድርጌ ነው የማየው። ራስን መግዛት እንደ ስልክ ባትሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ስብሰባ፣ ውሳኔ፣ የሰው ጸባይ መቻል። ማታ 2 በመቶ ይቀርሃል። በዚያች 2 በመቶ ብስኩት መቋቋም ከየት ይመጣል? ብዙ የሚሠራ ሰው ብዙ ባትሪ ይጨርሳል። አለቀ። በጥናትም የተረጋገጠ መሰለኝ።

አድማጭ፦

@ቆጣሪው ያልከው ጥናት የዚያው የባውማይስተርና የባልደረቦቹ ነው፣ የ1998ቱ። የራባቸውን ተማሪዎች አዲስ የተጋገረ የቸኮሌት ብስኩት የሚሸት ክፍል ውስጥ አስገቧቸው። ከፊሎቹ ብስኩቱን እንዲበሉ ተፈቀደላቸው፤ ሌሎቹ ራዲሽ የሚባለውን የሥር አትክልት ጥሬውን ብቻ። ከዚያ መፍትሔ የሌለው እንቆቅልሽ ሰጧቸው። ራዲሽ የበሉት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ።

ታሪኩ ያምራል። ነገር ግን በፈረንጆቹ 2016፣ 23 ላቦራቶሪዎች ከ2,000 በላይ ሰዎችን ይዘው ያንኑ ሐሳብ በሌላ ዓይነት ፈተና ሲሞክሩት ውጤቱ ዜሮ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ክርክሩ አልበረደም። እኔ ግን ባትሪው ላይ አልመካም፤ ሰውን ወደ ተሳሳተ መፍትሔ ይወስዳልና። ባትሪ ነው ያለ ሰው ትልቅ ባትሪ ፍለጋ ይገባል። ይኼ ደግሞ @የማታ ሰው ላለፉት ዓመታት ሲሠራው የኖረው ነገር ነው።

ተረኛው፦

ሐኪም ነኝ፤ አዳር በዝቶብኝ ስሜን እንዲህ አልኩት። ሁላችሁም ጭንቅላት ላይ ናችሁ። እስቲ ሆድንም ጠይቁት።

@የማታ ሰው ቁርስ ቡና፣ ምሳ "ካስታወስኩ"። ወንድሜ፣ አንተ እኮ ርቦህ ነው! ቀን ያልተሰማህ ረሃቡ ስለሌለ አይደለም። ውጥረት ሲይዝህ አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ለሩጫ ወይም ለትግል የተዘጋጀ ሰውነት ምሳ አይጠይቅም። ቡናውም የራሱን ያግዛል። ውጥረቱ ለሰዓታት ሲረዝም ደግሞ ኮርቲሶል የሚባል ሌላ የውጥረት ሆርሞን ይመጣል፤ እሱ የምግብ ፍላጎትን ይቀሰቅሳል፣ ያውም ወደ ጣፋጭና ቅባት። ላፕቶፑ ሲዘጋ አድሬናሊኑ ይወርዳል። ያን ጊዜ የቁርሱም የምሳውም ሒሳብ ባንድ ላይ ይመጣል። አንድ እራት አይዘጋውም።

እንቅልፍህንም አልነገርከንም። በፈረንጆቹ 2004 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ላይ የተሠራ ሙከራ አለ። አንድ ጊዜ ለሁለት ሌሊት 4፣ 4 ሰዓት ብቻ አልጋ ላይ ቆዩ፤ ሌላ ጊዜ ለሁለት ሌሊት 10፣ 10 ሰዓት። እንቅልፍ ባነሰ ጊዜ "ይበቃሃል" የሚለው ሆርሞን ሌፕቲን በ18 በመቶ ወረደ፣ "ብላ" የሚለው ሆርሞን ግሬሊን በ28 በመቶ ወጣ። ያማራቸው ነገር ደግሞ ጣፋጭ፣ ጨዋማና ዱቄት ነክ ምግብ ነበር። ሁለት ሌሊት ብቻ ነው እንግዲህ። ከአዳር በኋላ ጠዋት እኔና ነርሶቹ ዶናት ካርቶን ላይ ስንረባረብ ብታዩን ሳይንሱን ሳታነቡ ታምናላችሁ።

ስለ እጅህ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ኬንት ቤሪጅ ለዓመታት ሲያሳይ የኖረው መፈለግና መውደድ አንጎል ውስጥ የተለያየ መንገድ እንዳላቸው ነው። ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል በዋናነት የሚሠራው መፈለጉ ላይ ነው። ስለዚህ ሳይጣፍጥህ መፈለግህ ጉድ አይደለም። ሊሆን የሚችል ነገር ነው። "ግብ ላይ ድረስ" የሚለውን ግፊት የሚያንቀሳቅሰውም ይኸው ሥርዓት ነው፤ ብስኩትና ፕሮጀክት አይለይም።

ጓዳዬ፦

ይቅርታ ይደረግልኝና "ስኬታማ ሰው፣ ስኬታማ ሰው" ስትሉ ትንሽ አንገሸገሸኝ። እኔ ማዕረግም ደመወዝም የለኝም። የታመመች እናቴን ነው የማስታምመው። መድኃኒት በሰዓቱ፣ ማገላበጥ፣ ማጠብ። እሷ ስትተኛ ማታ እኔም ኩሽና ቆሜ እበላለሁ። ራሴን መመዘን ከሆነ ጉዳዩ እኔም ስመዝን ነው የምውለው፤ "በደንብ አላስታመምኳትም" እያልኩ። ይኼ የአለቆች በሽታ አይደለም።

ደግሞስ ሁሉን ነገር ሰውዬው ላይ ብቻ ጣላችሁት። ብስኩቱ የለበትም?

አድማጭ፦

@ጓዳዬ እህቴ፣ እውነትሽን ነው። መለኪያ ለመሸከም ቢሮ አያስፈልግም። ልዩነቱ ምን መሰለሽ? ስኬታማ የሚባለውን ሰው ማንም አይጠረጥረውም፤ እሱም ለማንም አይናገርም። ያንቺን ሸክም ግን ማንም ሸክም ብሎ አልቆጠረልሽም። ሁለታችሁም ማታ ያገኛችሁት ብቸኛ የእረፍት በር አንድ ዓይነት መሆኑ ነው የሚገርመኝ።

ተረኛው፦

@ጓዳዬ ብስኩቱማ አለበት። በ2019 ኬቨን ሆል የሚባል የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪ 20 ሰዎችን ለአንድ ወር ያህል ተቋሙ ውስጥ አስቀምጦ መገበ። ሁለት ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ የፋብሪካ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ያልተቀነባበረ። የቀረበላቸው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብና ፋይበር (አሰር) ተመጣጣኝ ነበር። "የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ" ተባሉ። የፋብሪካውን ሲበሉ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ገደማ ጨምረው በሉ። ክብደታቸውም ወደ አንድ ኪሎ ጨመረ፤ በሌላው ሁለት ሳምንት ያንኑ ያህል ቀነሰ። ማታ ማንም ቆሞ ሰላጣ ሲጨርስ አላየሁም።

ቀጥተኛው፦

አላልኳችሁም? አትግዙ።

ስንዱ፦

@ቀጥተኛው 😄 አንተ ደግሞ!

@አድማጭ "ሕጉን ማጥበቅ ጠላት ነው" ያልከው አልተዋጠልኝም። እኔ ሰኞ ሰኞ ሕግ አወጣለሁ። ስኳር የለም፣ ዳቦ የለም፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ምንም የለም። እስከ ረቡዕ ድረስ እንደ ወታደር ነኝ። ሐሙስ አንዲት ቸኮሌት ትገባለች፣ ከዚያ "አንዴ ተበላሽቷል" ብዬ እስከ እሑድ ልቅ ነው። ሕጉ ባይኖር ግን ሰኞም ልቅ ይሆን ነበር እኮ!

አድማጭ፦

አይመስለኝም። "አንዴ ተበላሽቷል" ያልሽውን ነገር በ1975 ፒተር ኸርማን እና ዲቦራ ማክ ላቦራቶሪ ውስጥ አይተውታል። ለሴት ተማሪዎች ሚልክሼክ ሰጡ፤ ለአንዳንዶቹ አንድ ብርጭቆ፣ ለአንዳንዶቹ ሁለት፣ ለአንዳንዶቹ ምንም። ከዚያ "አይስክሬም ቅመሱልን" ብለው የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተዉአቸው። አመጋገባቸውን የማይቆጣጠሩት ልጆች ሚልክሼክ ከጠጡ አይስክሬሙን ቀነሱ። እንደሚጠበቀው። በሕግ የሚበሉት ግን ሚልክሼክ ከጠጡ በኋላ አይስክሬሙን የበለጠ በሉ። ሕጉ እስካለ ድረስ ይይዛል፤ ከተሰበረ በኋላ ግን ማቆሚያ የለውም፤ የጥጋብን ድምፅ ማድመጥ ድሮ ቀርቷላ።

ከዚያም የከፋ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ ከ1944 ጀምሮ፣ አንሴል ኪይስ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለስድስት ወር በግማሽ ምግብ አቆያቸው። ዓላማው በጦርነቱ የተራበውን ሕዝብ እንዴት እንደሚመግቡ ለማወቅ ነበር። እነዚህ ልጆች በመርሕ ውትድርና አንገባም ያሉ፣ ጽናት የማይጎድላቸው ሰዎች ናቸው። ከክብደታቸው ወደ ሩብ የሚጠጋ አጡ። ግን ልብ በይ፦ ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ ጀመሩ። የምግብ አሠራር መጽሐፍ ማንበብ፣ ምግብ ማለም፣ አንዲትን ሳህን ምግብ ለረጅም ሰዓት እያቆዩ መብላት። ምግብ ሲፈቀድላቸው ደግሞ አንዳንዶቹ ሆዳቸው ሞልቶም ረሃቡ አልለቀቃቸውም። እነዚህ ሰዎች ከሙከራው በፊት እንዲህ ዓይነት ችግር አልነበራቸውም። አምሮቱን የፈጠረው እጥረቱ ነው።

ስለዚህ ያንቺ ሐሙስ የሚጀምረው ሰኞ ነው።

እርጋታ፦

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ ከዚህ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ሙሉ በሙሉ ባልልም በብዛት። ሒሳብ ምርመራ ነው ሥራዬ፣ በዓመት መዝጊያ ሰሞን ምን እንደምመስል አትጠይቁኝ።

የረዳኝን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የተነገረኝ ማታውን ተዪው የሚል ነበር። ማታ ላይ ምንም አትከልክይ፤ ቀን ብዪ። ቁርስ፣ ምሳ፣ አሥር ሰዓት አካባቢ መክሰስ፣ እራት። ራበኝ አልራበኝ፣ በሰዓቱ። ይኼን ስሰማ ሳቅኩ። "እኔ ከልክ በላይ በላሁ ስል ጨምሪ ይሉኛል!" ብዬ። ግን የማታው ነገር መጀመሪያ የላላው በዚህ ነው። መብላቱ ባይቆምም ያ የሚያንቀጠቅጥ ፍጥነቱ ሄደ።

ሁለተኛው የከበደኝ ነበር። የምበላውን ማንኛውንም ነገር ሳህን ላይ አድርጌ፣ ወንበር ስቤ፣ ተቀምጬ እንድበላ። ኬክም ቢሆን፣ ሙሉውንም ቢሆን። መከልከል የለም፣ መቆም ብቻ የለም። አንድ ማታ ከቺፕሱ ከረጢት ወደ ሳህን ስገለብጥ እጄ ቆመ። አላማረኝም ነበር። ደክሞኝ ነበር፣ ደግሞም አንድ የሥራ ባልደረባዬ በተናገረኝ ነገር ተናድጄ ነበር። ከረጢቱ ውስጥ እጄን ብከት ኖሮ ይኼን አላውቅም።

ሦስተኛው ደግሞ የማታው ሰዓት ራሱ ነው። ከላፕቶፕ ወደ ፍሪጅ በቀጥታ ነበር የምሄደው፤ መሃል ላይ ምንም የለም። አሁን ገላዬን እታጠባለሁ፣ ልብስ እቀይራለሁ፣ ለእህቴ ደውዬ ስለማይረባ ነገር አወራለሁ። ጭንቅላት ዝም የሚልበት ሌላ በር ካላገኘ የሚያውቀውን በር ነው የሚያንኳኳው።

ቀጥተኛው፦

@እርጋታ ሳህኑ ጥሩ ነው፣ ተቀብያለሁ። ግን አሁንም ቤት አለማስገባት ይቀላል።

እርጋታ፦

@ቀጥተኛው ከዓይን ማራቅ ከሆነ እስማማለሁ። እኔም ጠረጴዛ ላይ አላስቀምጥም። "ሁለተኛ አይገባም" ብለህ ከማልክ ግን እንደ ስንዱ ሐሙስን ጠብቅ።

የማታ ሰው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ተረኛው፣ እንቅልፌ አምስት ሰዓት ቢሞላ ነው፤ ተነቃብኝ። አድማጭ፣ ያቺ "ማታ የምታየው ቀን የሠራውን ሥራ ነው" ያልካት አልወጣ ብላኛለች።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ይኼ ነገር በሽታ የሚባለው መቼ ነው? ሐኪም ጋ ሄዶ "ብስኩት አበዛሁ" ማለት ደግሞ ያሳፍራል።

አድማጭ፦

አያሳፍርም፤ ስም ያለው ችግር ነው። ከልክ በላይ የመብላት ሕመም በ2013 በወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ራሱን ችሎ እንደ ሕመም ተመዝግቧል። ባለሙያ የሚጠይቅህ እነዚህን ነው። ባጭር ጊዜ ሌላ ሰው ከሚበላው እጅግ የበለጠ ትበላለህ? ማቆም እንደማትችል ይሰማሃል? በአማካይ በሳምንት ቢያንስ አንዴ፣ ለሦስት ወር? በጥድፊያ፣ ሳይርብህ፣ እስኪያምህ፣ አፍረህ ተደብቀህ ነው የምትበላው? ከዚያስ በኋላ ራስህን ትጠየፋለህ? ማሸጊያ መደበቅህን ስትጽፍ እኔ ይኼን ነው ያሰብኩት። ምርመራ እያደረግኩ ግን አይደለም፣ በመድረክ ላይ አይደረግም።

ሕክምናው አለ። አስተሳሰብንና ልማድን አብሮ የሚያይ የንግግር ሕክምና ቀዳሚው ነው፤ እርጋታ የነገረችን የሰዓት አመጋገብም የሱ አካል ነው። ለአንዳንዱ መድኃኒትም ይታዘዛል። የበላውን ለማስመለስ የሚሞክር፣ ወይም ለማካካስ ቀናት ሙሉ ጾሞ የሚውል ካለ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ ይሂድ፤ እሱ ልብን ጭምር የሚጎዳ ሌላ መንገድ ነው።

ጓዳዬ፦

የኔን ጥያቄ አብረህ መለስክልኝ። ተባረክ። እናቴን የሚያያት ሐኪም ሐሙስ ይመጣል፣ ስለኔም አነሳበታለሁ።

የማታ ሰው፦

@ጓዳዬ በርቺ። እኔም ቀጠሮ እይዛለሁ።

እስከዚያው ከምሳው ልጀምር ብዬ ነበር። ችግሩ 7 ሰዓት ላይ ሁልጊዜ ስብሰባ አለ።

ስንዱ፦

@የማታ ሰው ቡድን እመራለሁ አላልክም እንዴ? ስብሰባውን የሚጠራው ማነው?

የማታ ሰው፦

😅 እኔ ነኝ።

ተረኛው፦

8 ሰዓት አድርገው። ቡድንህም ርቦት ይሆናል።